የእናቴ ሰዓት በአባዬ እጅ

ባለፈው ሰሞን ጂንካ ሄጄ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስሻገር፣ አንዲት ሴት ከሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ወደ ሞተር ሳይክል ስትገለብጥ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰባት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቆመ። ሌላውን ሰው ቤንዚን መንገድና መኪና ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚወስደኝ ወደ ወላጆቼ መኝታ ቤት ነው፤ አባዬ ትራስ ተደግፎ ወደተቀመጠበት አልጋ፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ላይ ተዘፍዝፈው ወደነበሩት የሰዓት ጥርሶች፣ በቆርቆሮው ላይ ሳያባራ ይወርድ ወደነበረው የበልግ ዝናብ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል በነበረው ሣር ላይ ስለነበር፣ ድምፁ ሲሰማ እኛ የሰፈር ልጆች ተሯሩጠን የሚግጡትን ከብቶች እናባርር ነበር። ያን ዓመት ግን በልጉ ጠና። ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ መንገዱ ተቆርጦ ከቀይ አፈር ከተማ በኩል መኪና ሳይገባ የሚያልፍ ሳምንትም ነበር።

አባዬ ማቴዎስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የተወለደው ከጂንካ ብዙም በማይርቅ የአሪ መንደር ነው። አማርኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ መንገድ ላይ ስለተማረው ንግግሩ ሁሉ የመኪና ነበር፤ የተቆጣ ሰው «ሞተሩ ጋለ»፣ ሲደክመው ደግሞ «ነዳጅ ጨረስኩ» ይላል። እናቴ የሺ ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። መጀመሪያ ወደ ጂንካ ያመጣት የእሱ መኪና ነው ይባላል፤ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ዝናቡ እንደጀመረ አባዬ ከቀይ አፈር ሲመለስ ዳገት ላይ መኪናው ተንሸራተተበት። ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ መኪናው ወደ ኋላ ተመለሰና እግሩን ሰበረው። ሐኪም ቤት እስከ ጭኑ ድረስ በጄሶ አስረው፣ ክራንች ሰጥተው ወደ ቤት ሰደዱት። እኔ ጄሶ የማውቀው አንድ ቢሮ ሲታደስ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉት አይቼ ነው። ስለዚህ አባዬን ከእግሩ ጀምረው ግድግዳ እያደረጉት መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን ቀስ ብዬ ገልጬ ነጩ ነገር ወደ ሆዱ ወጥቶ እንደሆነ አይ ነበር።

ጄሶው አልወጣም። ዝምታው ግን ወጣበት። ሱሪ ስለማይገባለት ሽርጥ አገልድሞ ይተኛል። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው ሲጸልዩለት «አሜን» ይላል፤ ሲወጡ ፊቱን ያዞራል። እናቴ ገላውን ስታጥበው ዓይኑን ይጨፍናል። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ለሌላ ሾፌር መስጠቱን የሰማ ቀን ምሳውን አልበላም።

«ትንሽ ቅመስ» አለችው እናቴ።

«የቆመ መኪና ነዳጅ አይሞላም» አላት።

እናቴ ሳህኑን አነሳች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ግን ከበሩ ውጭ ቆማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት።

እናቴ በግራ እጇ የማትለያት አንዲት ሰዓት ነበረቻት፤ ነርስነት ስትመረቅ አያቴ የገዛላት፣ ክብ፣ ጠዋት ጠዋት የምትሞላ፣ ቀጭን የሰከንድ ቆጣሪ ያላት። የታመመ ሰው ሲመጣ የእጁን አንጓ ይዛ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ ዝም ትላለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ልቡ እንዴት እንደምትመታ በሰዓቷ እያየሁ ነው» አለችኝ። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። የሰው ሁሉ ልብ የሚመታው በዚያች ሰዓት መሰለኝ። እናቴ ጠዋት ሰዓቷን ስትሞላ ጂንካን በሙሉ የምትሞላ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሳትሞላት ልትወጣ ስትል ከበር እስከ መንገድ እየጮህኩ ተከተልኳት።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን እናቴ ለክትባት ከኔሪ ወንዝ ማዶ ወዳለ መንደር ሄደች። ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃት። ስትሻገር እግሯ ሸርተት አለ፤ የክትባቱን ሳጥን በቀኝ እጇ ከራሷ በላይ አንስታ ስታድን ግራ እጇ እስከ ክንዷ ውሃ ውስጥ ገባ። ቤት ስትደርስ እስከ ወገቧ ጭቃ ነበረች። ሰዓቷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ከመስታወቱ ሥር ቀይ ውሃ ይታያል። ሰከንድ ቆጣሪዋ ቀጥ ብላለች።

«ክትባቱ ተርፏል» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአባቴ ሰዓት ግን ሞተች።»

እኔ ሮጬ ሄጄ ጆሮዬን አባዬ ደረት ላይ ለጠፍኩ። ይመታል። የራሴንም ያዝኩት፤ ይመታል። እስከ መቼ እንደሚመታ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በከተማው ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አርባ ምንጭ ሄዶ መንገዱ ተቆርጦበት ቀርቷል። በማግስቱ እናቴ ሰዓቷን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋ አባዬ ደረት ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ ምን ላድርጋት?» አላት።

«ፍታት።»

«የሺ፣ እኔ የሰዓት ሰው አይደለሁም። ይህን ጣት አታይም?» ጣቱን ዘረጋላት። ወፍራም ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ የማይለቅ ጥቁር ግራሶ አለበት።

«የመኪና ጊርቦክስ በርሃ ላይ ብቻህን ፈተህ የገጠምክ ሰው ነህ።»

«ጊርቦክስ ሌላ ነው።»

«ውሃው ውስጧ ካደረ ትዝጋለች፤ ዝም ብለን ከምናያት አንተ ብታበላሻት ይሻለኛል» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አባዬ ለረጅም ጊዜ ሰዓቷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «ሚሚ፣ እስኪ የእናትሽን ወረንጦ አምጪልኝ» አለኝ። ከተሰበረ ወዲህ አንድ ነገር አምጪ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

መሣሪያው ሁሉ ከቤት ተገኘ። ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ የመርፌ ጫፍ በሞረድ ተሞርዶ ነው የተሠራው። ማጉያ መነጽር ደግሞ እናቴ ከሐኪም ቤት ላቦራቶሪ አመጣች፤ ከተጣለ ማይክሮስኮፕ የወጣ፣ አባዬ እንደሚያነጣጥር ወታደር አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው የሚይዘው። ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት በክዳን ለመንኩ። ቤንዚኑን የሰጠን ከአባዬ ጋር ይሠራ የነበረ ሾፌር ነው።

የሰዓቷን ጀርባ በቢላ ጫፍ ጠቅ አድርጎ ሲያነሳው እስትንፋሱን ሲይዝ ሰማሁት። «ነይ እይ» አለኝ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ያዘልኝ። በቀይ ጭቃ መሃል ወርቅ የሚመስሉ ጥርሶች እርስ በርስ ተነካክሰው ተኝተዋል፤ እዚህም እዚያም ደግሞ እንደ ሮማን ፍሬ የሚያበሩ ቀያይ ነጥቦች አሉ።

«ድንጋዮቿ አሉ፤ አንዱም አልወለቀም» አለ አባዬ ደስ ብሎት።

እኔ ከወንዙ የገቡ ድንጋዮች መሰሉኝ። ድንጋይ ስለገባባት ነው እንግዲህ የቆመችው! ጭቃውን እየጠረገ ድንጋዮቹን ግን በጥንቃቄ ሲያብሳቸው ሳይ ግራ ገባኝ። «አባዬ፣ ድንጋዩን ለምን አትጥለውም?» አልኩት። የጥርሶቹ ዘንግ የሚያርፍባቸው፣ ዘንጉ ተፍቆ እንዳያልቅ ሰዓቷ ስትሠራ ጀምሮ የተቀመጡ እንደሆኑ ነገረኝ። አላመንኩትም። ኔሪን ስለማያውቀው ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ሌላ ሕግ ነበረው። መሮጥ የለም። በር ማንኳኳት የለም። አልጋው ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ ጭኑ ላይ የእናቴ የመድኃኒት ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ ነጭ ጨርቅ። እያንዳንዷን የፈታትን ነገር በፈታበት ተራ ይደረድራታል። «የመጨረሻዋ የወጣች መጀመሪያ ትገባለች» ይለኛል። ሁሉንም በብርጭቆው ቤንዚን ውስጥ ያጥባል፤ በዶሮ ላባ ይጠርጋል፤ እናቴ መርፌውን ነቅላ በሰጠችው ስሪንጅ እፍ ይልበታል። ለቀዳዳዎቹ የሚሆን ነገር አጥቶ ሲቸገር የጥርስ መፋቂያዬን አየና ቀማኝ። ጫፉን እንደ እሾህ አሹሎ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ እያስገባ በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው። ነጩ ጫፍ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ይቀርጸዋል፤ እንደገና ያስገባል፤ ነጭ ሆኖ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

የአባዬን እጅ እንደዚያ ሰሞን አይቼው አላውቅም። እነዚያ ጎማ የሚያነሱ እጆች ከፀጉር የቀጠነችውን ጥቅልል ሞላ በወረንጦ ሲይዙ ክብደት አልነበራቸውም። እሷን ሲያነሳ አይተነፍስም። እኔም አብሬው አልተነፍስም፤ አንድ ጊዜ ብዙ ቆይቶብኝ ሳል አፈነኝና ወደ ውጭ ሮጥኩ። ስመለስ እንደያዛት ነበር። «አየር ስጪ እንጂ ልጄ፣ ሞተርሽ ይጠፋል» አለኝ።

አንዲት ብሎን ደግሞ ከወረንጦው ላይ ተፈናጥራ ጠፋች። ከአልጋው ሥር ገባሁ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ የጫማዎችን ውስጥ ሁሉ አራገፍኩ። በመጨረሻ አባዬ ሊስተካከል ሽርጡን ሲያነሳ ከእጥፋቱ ውስጥ ወደቀች። «ከጭኔ ላይ ሆና ስታየን ውላለች» አለ። ሳቅ ሊመጣለት ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

የሳቀው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሆቴሉ በር ላይ አንዲት ፈረንጅ ቆማ አየሁ። በዝናቡ ምክንያት ወደ ዲመካ ከተማ መሄድ አቅቷቸው የተቀመጡ ቱሪስቶች ነበሩ። ሰዓቷን አሾልቄ አየሁት፤ ሁለቱም ጠቋሚዎች ከላይ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። እኛ ደግሞ ገና በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት መውጣታችን ነው! እየሮጥኩ፣ ሕጉንም ረስቼ በሩን በርግጄ ገባሁ።

«አባዬ! ደንበኛ አገኘሁልህ! የፈረንጇ ሰዓት ተበላሽቷል፣ በስድስት ሰዓት አሥራ ሁለት ይላል!»

አባዬ ወረንጦውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጄሶው አልጋውን እስኪያንኳኳ ድረስ ሳቀ። እንባውን እየጠረገ፣ «እሷን ለመሥራት አገሯ ድረስ መሄድ አለብኝ» አለኝ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ እኔን አስደግሞ አስነገረኝና እንደ አዲስ ሳቀ። እናቴ ግን እኔን አልነበረም የምታየው። እሱን ነበር።

ሰዓቷ የተገጠመች ቀን ወደ ማታው ላይ አባዬ ሞላት። ውስጧ ያለችው ትንሿ ጎማ መወዛወዝ ጀመረች። እናቴን ጠራን፤ ሦስታችንም ጆሯችንን ደቀንን። ቀጭ ቀጭ ትላለች። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ራት ሳንጨርስ ግን ድምፁ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። አባዬ ነቀነቃት። ጥቂት ሄደች፤ ደግማ ቆመች። ወረንጦውን ግድግዳው ላይ ወረወረው።

«ብዬሽ ነበር! የተሰበረ ሰው ምን ይሠራል?»

እናቴ ተነስታ ወረንጦውን ከወደቀበት አነሳች፤ ጫፉ መጣመሙን በመብራቱ አየች። ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ጊዜ ዲመካ መንገድ ላይ መኪናህ ተበላሽቶ ስንት ጊዜ ፈተህ ነው የገጠምከው?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ሁሌ ያ ሌላ ነው ትላለህ። ያኔ ሲያቅትህ ቁልፍ ወርውረህ ይሆናል፤ ማን አየህ? መኪናውን ግን ነድተህ መጣህ። እኔ ያገባሁት ያንን ሰው ነው። እግሩ ሲሰበር አብሮ የሄደ አልመሰለኝም።»

 ጠዋት ስነሳ አባዬ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይዞ የተጣመመውን ወረንጦ እያቀና ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልቸኮለም። ሁሉንም እንደ አዲስ ፈታ። ከአንደኛው ቀይ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ዓይን የማያያትን የአሸዋ ቅንጣት በመፋቂያዋ ጫፍ አወጣና ጨርቁ ላይ አሳየኝ። «ዘይትም አብዝቼባታለሁ፤ እንደ መኪና መሰለችኝ። ይቺ የምትፈልገው የትንኝ እንባ ያህል ነው» አለ። በመርፌ ጫፍ ነክቶ ነክቶ አስቀመጠላት።

በዚህኛው ጊዜ ሰዓቷ ስትነሳ ለእናቴ አልነገራትም። «ሰዓቷ ደግማ ታስቀይመን ይሆናል፤ መጀመሪያ እንፈትናት» አለኝ። ትራሱ ሥር ደበቃት። ሬዲዮው ሰዓት ሲነግር ያወጣታል፤ ይመለከታታል፤ ከጀርባዋ ያለችውን ማስተካከያ በጣም በጥቂቱ ይነካታል፤ መልሶ ይደብቃታል። እናቴ ያወቀች ይመስለኛል፤ አልጋውን ስታነጥፍ ትራሱን አታነሳም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ ጎረቤታችን ብርቱካን ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። ባሏ ለከብት ንግድ ዲመካ ሄዶ አልተመለሰም። ልጁ ምህረቱ ገና መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ነው።

«ሲስተር፣ ብርድ መትቶት ነው መሰለኝ፤ ጡት እንቢ አለኝ። ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ነገ ካልተሻለው ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ እያልኩ ነው» አለች። «ዛሬ ጭቃው አያስኬድም፤ እሑድም ነው።»

እናቴ ሕፃኑን ገልጣ ደረቱን አየች። ግራ እጇን ወደ ፊቷ አነሳችና ባዶ መሆኑን አየች። ሕፃኑን ሳትለቅ ወደ አባዬ ዞረች።  አባዬ ከትራሱ ሥር ሰዓቷን አወጣ።

«ታምናታለህ?» አለችው።

 በዚያች ጊዜ በአባዬ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ በጎርፍ ፊት መኪና አቁሞ ወንዙን የሚለካ ሾፌር ፊት ነበር።

«በቀን ውስጥ ትንሽ ትቀድማለች» አለ። «ለአንዲት ደቂቃ ግን አምናታለሁ።»

እናቴ ሰዓቷን በአንድ እጇ ይዛ ዓይኗን ከእሷ ወደ ሕፃኑ ደረት፣ ከደረቱ ወደ እሷ እያመላለሰች ትንፋሹን ትቆጥር ጀመር። ማንም አልተነፈሰም፤ ከሕፃኑ በቀር። የእሱ ደረት እንደ ወፍ ደረት ይርገበገባል፤ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቀጭ ቀጭ የምትለው ሰዓት ብቻ ትሰማለች። ደቂቃዋ ስትሞላ እናቴ ልጁን መልሳ ሸፈነችው።

«ብርቱካን፣ ይህ ብርድ አይደለም። ሳንባው ነው። ነገ አይባልም፤ አሁን ነው የምንሄደው።»

«ምናልባት ካጠባሁት...»

«ትንፋሹን ቆጥሬዋለሁ፤ በጣም ፈጥኗል» አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ጥርጣሬ ስላልነበረ ብርቱካን ተነሳች። ሁለቱ ሴቶች ልጁን እየተቀባበሉ ጭቃውን ወረዱ። አባዬ በመስኮቱ እስኪጠፉ ድረስ አያቸው። ከዚያ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ። መንገር የማልችለው ፍርሃት ፊቱ ላይ ነበር። ሰዓቷ ተሳስታ ቢሆንስ፣ በከንቱ አድክማቸው ቢሆንስ፣ ወይም ዘግይተው ቢሆንስ እያለ ይሆናል፤ ለእኔ አልነገረኝም። «ሚሚ፣ ነይ እንጸልይ» ብቻ አለኝ። በአማርኛ ጀምሮ በአሪኛ ጨረሰው።

እናቴ ስትመለስ ጨልሟል። በር ላይ ሆና ጫማዋን እያወለቀች፣ «መርፌውን ጀመሩለት፤ ኦክስጅንም ሰጥተውታል። ሐኪሙ በጥሩ ጊዜ አመጣችሁት አለ» አለች። አባዬ፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» አላት። «ሦስታችን ነን» አለች፤ ሦስተኛዋ እኔ ልሁን ሰዓቷ ትሁን አላወቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ ሱሪ ጠየቀ። እናቴ የአሮጌ ሱሪውን አንድ እግር እስከ ጭኑ ድረስ በመቀስ ተርትራ አለበሰችው። ጄሶው እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቀለለችለት። ከተሰበረ ወዲህ አንድም ቀን ከግቢ አልወጣም ነበር። በክራንቹ ሐኪም ቤት ድረስ ሄደ፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ በጎኑ። ጃንጥላው ከወገቡ በላይ ስለማይደርስለት ራሱ በስብሶ ነው የገባው። መንገድ ላይ ሰዎች «ጋሽ ማቴዎስ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ!» ይሉታል፤ እሱ ክራንቹን ማንሳት ስለማይችል በአገጩ ሰላም ይላል። ሁለት ጊዜ አርፈናል።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ብርቱካን ከአልጋው ጫፍ ተነሳች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ላይ ግን የትናንቱ ፍርሃት የለም። «ጋሽ ማቴዎስ፣ ሌሊቱን ጠባልኝ» አለችው። ወንበሯን ሰጠችው። አባዬ አልተቀመጠም። ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አለ። ምህረቱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ደረቱ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አባዬ እያየው፣ እያየው ቆየ፤ ከፀጉሩ የሚንጠባጠበው ውሃ አንሶላው ላይ እንዳይወርድ በመዳፉ እየያዘ።

«አባዬ፣ እየቆጠርክ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አይደለም ልጄ» አለኝ። «ዝም ብዬ እያየሁት ነው።»